ፍሬኑን ሳትነኪ እንዳትወጪ

ለውድ ልጄ ሚጣዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷ ይቀሰቅሳታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ሐይቁም ቦታው ላይ አለ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ እናትሽ ትቀማኛለች፣ እኔም ልል ያሰብኩትን እረሳለሁ። ደግሞ በስልክ ልነግርሽ ያልደፈርኩት አንድ ነገር አለ። ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ባለፈው እሁድ «አባዬ፣ ኮፐንሃገን ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ የማውቀው ሜትሮውንና ትምህርት ቤቱን ብቻ ነው» አልሽኝ። ጓደኛሽ ሳይክል ተከራይተን ከተማውን እንይ ብትልሽ «እንጃ» ማለትሽንም ነገርሽኝ። ዝም አልኩ። የሳይክል አከራይ ልጅ ስለ ሳይክል ኪራይ እንጃ ስትል ምን ይባላል? ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ የእናትሽን ስልክ ይዤ፣ ስለ እናንተ ከተማ ሳነብ አመሸሁ። የኢንተርኔት ጥቅሏን ጨረስኩባት። ጠዋት ተጣላን።

እኔ ይሄን የጋራ ሳይክል የሚሉትን ነገር ስማርት ስልክ ያመጣው አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ ሽማግሌ ነው! እ.ኤ.አ. በ1965 አምስተርዳም ውስጥ ወጣቶች ሳይክሎችን ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ሳይቆልፉ መንገድ ላይ አቆሙ። የፈለገ ይንዳው፣ የደረሰበት ይተወው ነው ሐሳቡ። ፖሊስ መጥቶ ለቀማቸው። ሳይክልን ሳይቆልፉ መተው በሕጋቸው ክልክል ነበርና። ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ ላይ ቢሆን ፖሊስ እስኪመጣ መች ይቆዩ ነበር!

የአንቺው ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የሳንቲም ሳይክል አወጣ። 20 ክሮነር መክተቻው ውስጥ ትጨምሪያለሽ፤ ሳይክሉ ይለቀቅልሻል። መልሰሽ ስታቆሚው ሳንቲምሽን ይተፋልሻል። ይሄን ሳነብ ተነስቼ ተቀመጥኩ። መያዣ ማለት ነው እኮ! የኔን ሥራ ነው የሠሩት።

እኔ ምን ምን እይዝ እንደነበር ታስታውሻለሽ? መታወቂያ ያለው መታወቂያ፣ ሰዓት ያለው ሰዓት። ምንም የሌለው ደብተሩን። ግማሽ ሰዓት በ2 ብር ነበር። ሁለት ልጆች ተዋጥተው ይመጡና አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ እየሮጠ «ደረሰ፣ ተራዬ ደረሰ» ይላል። አንዱን ልጅ አልረሳውም። የኬሚስትሪ ደብተሩን አስይዞ ወጣ። በግማሽ ሰዓቱ አልመጣም፣ በሰዓቱም አልመጣም። ሊመሽ ሲል ሳይክሉን ተሸክሞ መጣ። ከአሞራ ገደል ድረስ በትከሻው! የፊት ጎማው ቸርኬ ስምንት ቁጥር ሆኗል። ፊቱ በእንባና በአቧራ ጭቃ ሆኗል። እኔም አናደደኝና ደብተሩን ያዝኩበት። ሁለት ሳምንት። ፈተና ነበረው አሉ። ይሄም ይቆጨኛል፤ ግን የዛሬው ጉዳይ እሱ አይደለም።

አሁን ያሉት ብርቱካንማዎቹ ሳይክሎች ድርጅታቸው ዶንኪ ሪፐብሊክ ይባላል፣ እዚያው ኮፐንሃገን የተመሠረተ ነው። የአህያ ሪፐብሊክ ማለት ነው አይደል? እናትሽ ስነግራት «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ልጄ ከዚህ ሳይክል ይቅርባት» አለች። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። አህያ ተጭና ትሄዳለች፣ አትኮራም። ስልክሽ ላይ መተግበሪያውን ትከፍቻለሽ፣ አጠገብሽ ያለውን ሳይክል ታያለሽ፣ ቁልፉ በስልኩ ይከፈታል። መታወቂያ የለ፣ ደብተር የለ፣ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰውዬ የለ።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። እኔ ሳይክል ከማውጣቴ በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ሁሉንም አንድ በአንድ እነካ ነበር። የሚከራየው ልጅ የማያየው፣ አንቺም ከእኔ ጋር ትሠሪው የነበረ ሥራ ነው። (ዘይት ማጠጣት ያንቺ ድርሻ ነበር፤ ግማሹን ወለሉ ላይ ታፈሺው ነበር።) እዚያ ግን ሳይክሉ መንገድ ዳር ነው ያደረው። ከአንቺ በፊት ማን እንደነዳው፣ ምን እንዳጋጨው አታውቂም። ስለዚህ ቁልፉን ከመክፈትሽ በፊት አንድ ደቂቃ አከራዩ አንቺ ሁኚ።

የፊት ጎማውን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። እንደ ጥሬ ማንጎ ከደነደነ ይሁን፤ እንደ በሰለ ማንጎ ከገባልሽ ሌላ ፈልጊ። ከዚያ ጎማውን በጉልበቶችሽ መሀል ቆልፈሽ ማኑብሪውን አጣሚው። ጎማው ቀጥ ብሎ እሱ ብቻውን ከዞረ ላልቷል፣ አትንኪው። ኮርቻውን ቆመሽ ከዳሌሽ ጋር አስተካክዪ። እስከዚህ ድረስ ታውቂዋለሽ።

ቁልፉ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት ፍሬኑ። የፊቱን ጨብጠሽ ሳይክሉን ወደፊት ግፊው፤ የኋላው ብድግ ማለት አለበት። የኋላውን ጨብጠሽ ግፊው፤ ጎማው ሳይዞር መሬት ለመሬት መጎተት አለበት። እጀታው ማኑብሪው ድረስ ተጣብቆ ከመጣልሽ እዚያው ዝጊና ተይው። ሌላም ነገር አለ። እዚያ አገር የብዙ ሳይክሎች የኋላ ፍሬን እግር ላይ ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጪ ይይዛል። እኛ ሰፈር ደግሞ ፔዳል ወደ ኋላ ማሽከርከር የልጆች ልማድ ነው፤ ጭርርር የሚለው ድምፅ ደስ ይላል። አንቺም ታደርጊው ነበር። እዚያ ብታደርጊው ባለሽበት ቀጥ ነው፤ ከኋላሽ የሚመጣው ሰውዬም ጀርባሽ ላይ ነው።

ፍሬን ፍሬን ማለቴን ለምን እንዳበዛሁት ልንገርሽ። ላይ ያልኩሽ ነገር ይኸው።

2000 ዓ.ም. ነው፣ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ። የእሁድ ገበያዬን ታውቂዋለሽ። አምስቱ ሳይክል ወጥቶ የቀረው ቀዩ ብቻ ነበር። ቀዩን ለምን እንዳላከራየሁት አልጠየቅሽኝም። የኋላ ፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቅ ነበር። የፊቱ ሽቦ ተበጥሷል። ሰኞ ሳይክል ሠሪው ጋ ልወስደው ነበር። አንቺ ሸሚዜን ይዘሽ «አባዬ፣ ዛሬ ብቻዬን» አልሽ። ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፣ ሐዋሳ ላይ ፍሬን ማን ይፈልጋል አልኩ በልቤ።

ኮርቻውን ይዤ ሮጥኩ። ለቀቅኩሽ። ሳትወድቂ ሄድሽ፣ እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ። ባጃጁ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል አየሁት። አንቺም አየሽው። ሁለቱንም እጀታ ስትጨብጪ በዓይኔ አይቻለሁ። ባጃጁ ቆመ፤ ሳይክሉ ግን አልቆመም። ሹፌሩን ለማዳን ይሁን ራስሽን፣ ወደ ቦዩ ጠመዘዝሽውና ወደቅሽ። ጉልበትሽ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

እናትሽ ስትጠይቀኝ «ደነገጠች፣ ፍሬን መያዝ ረሳች» አልኳት። ጉልበትሽን እያጠበች ነበር፤ አንቺም ሰማሽ። አመንሽኝም። ከዚያ ወዲህ ሳይክል በተነሳ ቁጥር «እኔ አይሆንልኝም» ትያለሽ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትዪ ሰማሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አይደለም አላልኩሽም።

ይዘሽው ነበር ሚጣዬ። ያልያዘው ፍሬኑ ነው። እኔም አውቅ ነበር። ይቅር በዪኝ።

ትናንት ለእናትሽ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ቡና ስትቀዳ ግን የእኔን ሲኒ መጨረሻ አደረገችው።

በይ እንግዲህ፣ ሳይክሉ ደህና ከሆነ የቀረው መንገዱ ነው። መንገዱ ያንቺ ወገን ነው። የሳይክሉ መስመር ብዙ ቦታ ከእግረኛውም ከመኪናውም በጠርዝ ተለይቷል። ቀኝሽን ይዘሽ ሂጂ፤ የሚያልፍሽ በግራሽ ይለፍ። ልትቆሚ ስትይ እጅሽን ከፍ አድርጊ፣ ከኋላ ያሉት እንዲያውቁ። ወደ ግራ መታጠፍ ስትፈልጊ እንደ ባጃጅ መሀል ገብተሽ እንዳታጥፊ! መስቀለኛውን ቀጥ ብለሽ ትሻገሪያለሽ፣ ማዶ ቀኝ ዳር ላይ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ በሁለተኛው ዙር ታልፊያለሽ። አውቶቡስ ቆሞ ሰዎች በቀጥታ መስመርሽ ላይ ከወረዱ አንቺ ነሽ የምትቆሚው። ሲመሽ የፊትም የኋላም መብራት ግዴታ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ያስቀጣል። ለአዋቂ ሄልሜት ግዴታ አይደለም ይላሉ። ለእኔ ልጅ ግዴታ ነው።

ሌላው ዳገት ነው፣ እሱን አትፍሪ። ዴንማርክ ውስጥ ከፍተኛው መሬት ከባሕር ጠለል 171 ሜትር ገደማ ነው። አንቺ 1,700 ሜትር ላይ ነው የተወለድሽው። ትንፋሽ አያጥርሽም። ነፋሱ ግን ዳገታቸው እሱ ነው አሉ። ስትሄጂ ከፊትሽ ቢመጣ ይሻላል፤ ስትመለሺ ይገፋሻል።

ለመጀመሪያ ቀን እሁድ ጠዋት ውጪ። በሥራ ቀን ጠዋት በኛ ሁለት ሰዓት፣ በነሱ ስምንት ላይ ከወጣሽ የመናኸሪያ በር ላይ እንደገባሽ ቁጠሪው። በሐይቆቹ ዳር ጀምሪ። ሰው ሠራሽ ናቸው፣ ቆሮሶም አይጠበስባቸውም፤ ቢሆንም ውሃ ውሃ ነው፣ ያረጋጋሻል። ከዚያ የንግሥት ሉዊዝን ድልድይ ተሻግረሽ ወደ ኖሬብሮ ዝለቂ። እዚያ ትልቁ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራቱን ለሳይክል ነው የቀመሩት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ ይዘልቃል። ለሳይክል ብሎ መብራት የሚቀምር ከተማ! ድፍረት ካገኘሽ ደግሞ ወደቡ ላይ የሳይክል እባብ የሚሉት ድልድይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተ፣ ወለሉ ብርቱካንማ፣ ውሃው ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ። እሱን በፎቶ አይቼ የእናትሽን ጥቅል የጨረስኩት እሱ ላይ ነው።

እነሱም ቢሆኑ ሁሌ እንዲህ አልነበሩም። ከተማቸውን መኪና ሞልቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ ሲጠፋ መንግሥታቸው እሁድ እሁድ መኪና መንዳት ከለከለ። ሰዉ ባዶውን መንገድ አየና የመኪናው ነገር ያንገበግበው ጀመር፤ ቆይቶም ለሳይክል መስመር ሰልፍ ወጣ። እኛ ነዳጅ ሲጠፋ ማደያ ነው የምንሰለፈው። ሐዋሳ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ናት፤ ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ ሳትረግጪ ትደርሺ ነበር። አሁን በኔ ዓይን ዳሩን ባጃጅ ይዞታል። ማታ ማታ ግን ልጆች አሁንም ይነዳሉ፤ ሁለት በአንድ ሳይክል፣ አንዱ ኮርቻው ላይ፣ አንዱ ማኑብሪው ላይ።

አንድ የአከራይ ምክር ብቻ ልጨምር። ሰዓቱ የሚቆመው ከሳይክሉ ስትወርጂ አይደለም፤ በተፈቀደው ቦታ አቁመሽ፣ ቆልፈሽ፣ ኪራዩን ስልኩ ላይ ስትዘጊ ነው። ካፌ ገብተሽ ስትጫወቺ ይቆጥራል። እኔ ቢያንስ «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ሲሉኝ እሰማ ነበር። ስልኩ አይሰማም።

ቀዩን ሳይክል አልሸጥኩትም። ጓዳ ውስጥ ነው፣ ከከሰል ጆንያው ጀርባ። ባለፈው ሐሙስ አውጥቼ ሳይክል ሠሪው ጋ ወሰድኩት። አዲስ ላስቲክ፣ አዲስ ሽቦ፣ ካቴናውንም ቀየረው። ዋጋውን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

እሁድ ከነዳሽ ፎቶ ላኪልኝ። ድልድዩን ሰው ሁሉ ያነሳዋል፣ እሱን አልፈልግም። የሳይክሉን ላኪ፤ በካቴናው በኩል፣ የፍሬኑ እጀታ እንዲታይ አድርገሽ።

አባትሽ
ሐዋሳ