የጋራ መተላለፊያ በሜትር ይጻፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሕግ አምዳችሁ ስለ ውርስና ስለ ቤት ኪራይ ደጋግሞ ይጽፋል። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው የጋራ መውጫና መግቢያ ግን እምብዛም አይነሳም። ቢነሳም «ተቻችላችሁ ኑሩ» ተብሎ ይታለፋል።

የጠቡ መነሻ የታወቀ ነው። ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወረስ ባለቤቱ በአንዱ ቤት ቀረ፣ የተቀሩት የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ የግቢው በር ግን ያው አንድ በር ነው። በውርስ የተከፋፈለ ግቢም እንደዚሁ ነው። ወራሾቹ ክፍል ክፍሉን ይካፈሉና መተላለፊያውን «የሁላችን» ብለው በቃል ይተዉታል። አንዱ ድርሻውን ለባዕድ ሲሸጥ ጣጣው ይጀምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ በማን ይዞታ ውስጥ እንዳለ ይጣራ። የሁለቱም ወገን ካርታ ጎን ለጎን ይታይ። መተላለፊያው በካርታው ላይ መንገድ ከሆነ ጉዳዩ የአስተዳደሩ ነው፤ ለወረዳው ደንብ ማስከበር ይመለከታል። በአንዱ ይዞታ ውስጥ ካረፈ ግን ሌላው ያለው የማለፍ መብት ብቻ ነው። ሞተር ማቆምም ሆነ ብሎኬት መደርደር አይችልም። ባለይዞታውም በበኩሉ «ካርታው የኔ ነው» ብሎ የሰውን መውጫ መዝጋት አይችልም።

መተላለፊያ መጥበብ የሚጀምረው በአጥር አይደለም። 90 ሳንቲ ሜትር የላሜራ በር ወደ ውጭ እንዲከፈት ሲገጠም፣ ሜትር ተኩል ከነበረው መተላለፊያ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚተርፈው 60 ነው። በዚያ ሶፋ አይገባም፣ አስከሬን በወግ ተሸክሞ መውጣትም አይቻልም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሊሾው ነው። አንዱ በራሱ ደጅ ብቻ 15 ሳንቲ ከፍ አድርጎ ሲያስለስን፣ የክረምቱ ውኃ ወደ ጎረቤቱ ደፍ ይዞራል። ወለሉ ወደ መንገዱ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ቢያዘቀዝቅና በአንድ ጎኑ ቦይ ቢኖረው ይበቃል፤ ሥራው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ፣ በጋራ ወጪ መሠራት አለበት። ሁሉም በየደጁ ከሠራው ውኃው መሄጃ ያጣል።

ሽማግሌ መግባቱ ደግ ነው። ቃለ ጉባኤው ግን «በሰላም ይተላለፉ» ብሎ የሚያበቃ ከሆነ ባይጻፍም ያው ነው። ስፋቱ ከየትኛው ግድግዳ እስከ የትኛው ስንት እንደሆነ፣ በር ወዴት እንደሚከፈት፣ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ፣ የፍሳሽ መኪና ቱቦ በማን ደጅ እንደሚያልፍ ይጻፍበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ እንዲህ ያለ መብት የሚያቋቁም ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ ወረቀቱን ይዞ ውልና ማስረጃ መሄድ ነው። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ተከራዩ ቢፈርም ዋጋ የለውም፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መፈረም አለበት።

ይህ ሁሉ እምቢ ካለ የ«ሁከት ይወገድልኝ» ክስ አለ፤ ቁጥር 1149። ሁከቱ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፤ ይህን ሳያውቁ በሽምግልና ቀጠሮ ጊዜው የሚያልፍባቸው ጥቂት አይደሉም። ግንቡ ገና መሠረት ላይ ሳለ ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ይጠየቅ። ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ማስፈረስ ገንዘብም ዕድሜም ይበላል። ፎቶም ያስፈልጋል፣ ሜትሩ ከግድግዳ ግድግዳ ተዘርግቶ ቁጥሩ የሚነበብበት። ይህም ዛሬውኑ ይነሳ፤ ግንበኛው ሥራ ከጀመረ በኋላ የተነሳ ፎቶ የድሮውን ስፋት አያሳይም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ