ሳይለካ እንዳትገባ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለእናትህ በስልክ ያልካትን ሰምቻለሁ። እሷ ‹‹ትንሽ ራሴን አዞረኝ፣ ስወጣ ተሻለኝ›› ያልከውን ይዛ፣ ምሳውን ሳይበላ ውሎ ነው ብላ ስትብሰለሰል ከረመች። እኔ ግን መርከቡ ሚዛን መጠበቂያ ውሃ የሚይዝበት ባላስት ታንክ ውስጥ ገብቼ ነበር ስትል ጆሮዬ ገብቷል። መሳቅህንም ሰምቻለሁ። ልጄ፣ ይህ የሚያስቅ አይደለም። አየሩ ሳይለካ ታንክ ውስጥ እንዳትገባ።

ተምሬዋለሁ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ሰርተፊኬትህን ሳሎን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ስማኝ። ተዘግቶ የከረመ ብረት ሲዝግ ያለበትን አየር ይበላዋል። 21 በመቶ ገደማ የነበረው ኦክስጅን ከግማሽ በታች ሲወርድ አይሸትህም፣ አያስልህም፤ ጉልበትህ ይከዳሃል፣ ያበቃል። የወደቀውን አወጣለሁ ብሎ ዘሎ የሚገባው ደግሞ እላዩ ላይ ይወድቃል። ጓደኛህን ወድቆ ብታየው እንኳ መጀመሪያ ደወል ምታ፣ የመተንፈሻ መሣሪያው ይምጣ። ልብህ አይችልም፤ ቻል አድርገው። ሰከንድ ኢንጂነሩ ‹‹ቶሎ በል›› ቢልህ ፈቃዱ የተፈረመበትን ወረቀት አሳየኝ በለው። ቢቆጣ ይቆጣ።

‹‹ማካሌ››ን ረሳሃት? መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ አብርተን ስለ ሰመጡ መርከቦች ስናወራ አንተ ሁሌ እሷን ነበር የምትመርጠው፤ መቀሌ በስሟ ሰርጓጅ መርከብ አላት ብለህ ሰፈሩን ሁሉ ያስወራህባት። የጣሊያን ነበረች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ከምጽዋ ወጥታ ጠላት ሳያገኛት፣ የማቀዝቀዣዋ ጋዝ አፈትልኮ መርከበኞቹን መረዛቸው። ሜቲል ክሎራይድ ነው። ይቃዡ ጀመር፣ ያሉበት ጠፋቸው፤ ከፖርት ሱዳን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ካለ ኮራል ጋር ተላተሙ። አንድ ጥይት ሳይተኮስባት ቀረች። ያኔ ‹‹አባዬ፣ ለምን አልወጡም?›› ትለኝ ነበር። መመረዛቸውን አላወቁማ! እኔን ያስፈራኝ ያ ሳቅህ ነው።

እናትህ የምትፈራው የየመንን ሚሳይል ነው። ‹‹ሩቢማር›› የምትባለው የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመትታ ስትሰምጥ በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ባብኤል መንደብ የሚለውን የቀይ ባሕር መውጫ ስም መስማት አትወድም። ሚሳይሉን እኔና አንተ ምንም አናደርገውም። ታንኩን ግን እንችላለን።

ስለ ባብኤል መንደብ ካነሳሁ፣ በዚያ ስታልፍ ወደ ሞካ በኩል ተመልከትልኝ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አገር ሲገለባበጥ የባሕር ኃይል መርከቦቻችን ወደ የመን ነው የተሻገሩት። ‹‹ኢትዮጵያ››ም አብራ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው ባንዲራ መርከባችን፣ ስንቱ ዕጩ መኮንን ባሕርን ያየባት፣ የእኔም ሞተር ክፍል። ጦርነት አላሰጠማትም። የመን ቆማ ዝጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሰምጣ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ከባሕር በታች ትኖር ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ እናትህ ‹‹አንተ ውስጧ ሆነህ?›› ትለኛለች። እውነቷን ነው።

መርከቡስ ብረት ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. በምጽዋው ውጊያ የቀሩት ልጆች ናቸው የማይወጡልኝ። ያ ‹‹ሻይ ያለ ስኳር›› የምንለው፣ የጎንደሩ፣ ታሪኩን ታውቃለህ። እዚያ ነው የቀረው። ለእናቱ ማን እንደነገራት አላውቅም። አብረን የተነሳነው ፎቶ የነበረው የመን በቀረው ሻንጣ ውስጥ ነው። አሁን የእሱን ሙሉ ስም አስታውሳለሁ፣ የሁለቱን ሌሎች ግን የአባታቸው ስም ጠፍቶኛል። እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የሰመጠችውን የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ፣ የ‹‹ኩርስክ››ን ሰውዬ ስታነብልኝ ለዚህ ነበር ውጭ የወጣሁት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2000፣ 118 ሰው። ከፍንዳታው ተርፈው ዘጠነኛው ክፍል ውስጥ 23 ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ ኮሌስኒኮቭ የእያንዳንዳቸውን ስም ወረቀት ላይ አሰፈረ፤ ኋላ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። እሱም የሞተር ክፍል ሰው ነበር፣ እንዳንተ። ሲጃራ ላጭስ ነው ብዬህ ነበር፤ አላጨስኩም።

ምን ልጽፍ ተነስቼ የት ገባሁ። ለማንኛውም ሳይለካ አትግባ። ትናንት የተለካ ለዛሬ አይሆንም። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካ፤ ጋዝ እንደ ዓይነቱ ነው የሚተኛው። በር ላይ ሰው ይቁም፣ እሱም ስልኩን አይነካካ።

የኩላሊት መድኃኒቴን እህትህ ገዝታልኛለች፣ ብር አትላክ። ወፍራም ካልሲ ግዛ። እሁድ እሁድ ለእናትህ ደውል፣ ስለ ታንክ አታንሳባት፤ እሱን ለእኔ ጻፍ። አብረውህ የሚሠሩትን ሰዎች ስም ከነአባታቸውና ከነአገራቸው በቴሌግራም ላክልኝ፣ ምግብ አብሳዩም እንዳይቀር። ደብተር ገዝቻለሁ። የመለኪያውንም ፎቶ ላክ፣ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገህ አንሳው፤ ባለፈው የላክኸው ደብዝዞ ነበር።

አባትህ