ይድረስ ለቀጥቃጩ አባቴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? የጮቄ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህቴ ደብዳቤውን ስታነብልዎ አትቸኩል፤ ዛሬ የማወራዎ ስለ አንድ የማዕድን ሰው ነው።

ዳንኤል ጃክሊንግ ይባላል። በ1869 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ተወለደ። እናት አባቱ በሕፃንነቱ ሞተውበት ዘመድ ነው ያሳደገው። ተምሮ መሐንዲስ ሲሆን ዩታ በሚባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ቢንግሃም ከሚባል ቦታ አንድ ተራራ ላይ ዓይኑን ጣለ። ከዚያ ድንጋይ መቶ ኪሎ ቢፈጩ የሚገኘው መዳብ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ብዙ አዋቂዎች አያዋጣም አሉት። እሱ ግን ዋሻ መማሱን ትቶ፣ ከ1906 ጀምሮ ተራራውን ከላይ በእንፋሎት መቆፈሪያ ይልጠው ገባ። ድንጋዩ በብዛትና በርካሽ ከተነሳ ሁለቷም ኪሎ ትበቃለች ነው ነገሩ። በቃችም። ዛሬ በተራራው ቦታ ጥልቀቱ ከ1 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። (ሁሉም ማር አልነበረም፤ በ1912 ሠራተኞቹ አድማ መትተውበታል።)

እርስዎ የወደቀ ባሌስትራ አንስተው ማረሻ ሲሠሩበት ታየኝ።

ለጃክሊንግ በሕይወት እያለ ሐውልት ቆመለት። በ1933 ደግሞ የጆን ፍሪትዝን ሜዳሊያ ሸለሙት፤ የስልኩ ቤልና የአምፖሉ ኤዲሰን የወሰዱት የመሐንዲሶች ሜዳሊያ ነው። ፍሪትዝ ማነው ብዬ ፈለግሁ። ለካ በልጅነቱ ቀጥቃጭ ዘንድ ሙያ የለመደ ሰው ነው! ኋላ ትልቅ የብረት ፋብሪካ መራ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ጠፋ።

እርስዎን ለማጭድ ይለማመጡዎታል፤ ዞር ሲሉ "ቡዳ" ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው ያወጁት አዋጅ እኛ ሰፈር የደረሰ አይመስልም። እኔስ ከማን እሻላለሁ? ዘጠነኛ ክፍል ስመዘገብ "የአባት ሥራ" ከሚለው ፊት ለፊት "ገበሬ" ብዬ ጻፍኩ። ለደብተር የሰጡኝ ብር ኪሴ ውስጥ ከሰል ከሰል ይሸት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ብረታ ብረት ሳጠናም፣ "ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው?" ሲሉኝ ከመጽሐፍ እል ነበር። ብረት መቼ እንደሚመታ ከቀለሙ መለየትን ያስተማሩኝ እርስዎ ሆነው ሳለ። ይቅር ይበሉኝ።

ለፋሲካ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ወናፉን ለማንም እንዳይሰጡብኝ፤ እሱ ይነፋዋል።

ልጅዎ