አባባ፣ ቴስታታው አልተሰነጠቀም

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ግን አልተቻለም። እናንተ ደብረ ማርቆስ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ስትቀመጡ እኛ እዚህ ላብ እንጠርጋለን።

ይህን የሚያነብልዎት ማሙሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ማሙሽ፣ ሰላም ነህ? ሳትዘል አንብብላቸው። «ይሄ እንኳን ይቅር» ብለህ የምታልፈው መስመር እንዳይኖር።

መደወል አቅቶኝ አይደለም። ኔትወርኩ መጣ ሄደ ማለቱም ሌላ ነገር ነው። በስልክ ግን «እሺ፣ በርቱ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ» ይሉና ይዘጉብኛል። ደብዳቤ አይዘጋም።

ከልጆቹ ልጀምር። ትልቁ ፖሊ ገብቶ ሜካኒካል እያጠና ነው። እርስዎ በመስኮብ አስተማሪዎች የተማሩበት ግቢ ማለት ነው። አሁን ስሙ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል፣ ሰዉ ግን ያው ፖሊ ነው የሚለው። በኮምፒውተር የማይሠራው ስሌት የለም። ካቻቢቴ አቀብለኝ ስለው ግን ግራ ገብቶት ያየኛል። «ስክሩ ድራይቨር ማለትሽ ነው?» አለኝ። እንዲህ ሆነናል። ትንሿ 13 ዓመቷ ነው። ቁመቷ እኔን አልፏል። ምግብ አትወድም፣ ጥያቄ ትወዳለች። ለእርስዎ ሹራብ ልትሠራ ጀምራ አንዱ እጅጌ ላይ ቆሟል።

እሺ፣ ወደ አሮጌዋ መኪናዎ፣ ወደ ፊያቷ ልምጣ።

ጥቅምት ላይ ስናስጭናት «ውሰጂው፣ ብረት ነው» ብለውኝ ነበር። ጫኞቹ ደግሞ «እናት፣ ሬሳ ነው እንዴ የምታስጭኚን?» ሲሉ ነበር። አይሱዙው ላይ ከመውጣቷ በፊት ግን ዙሪያዋን በእጅዎ ዳሰው ጨረሷት። ከኮፋኖዋ እስከ ማርሚታዋ። አይቻለሁ። ምንም አላልኩም።

በቡሬና በእንጅባራ አድርጋ ስትመጣ እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ነበርኩ። እንጅባራ ስንደርስ ያ ቀልድዎ ትዝ አለኝ። «አርባ ሰባት ፈረስ አለኝ» ሲሉት ያገው ፈረሰኛው ኮፋኖዋን አስከፍቶ ያያት ጊዜ። ከፊት ባዶ ሻንጣና ትርፍ ጎማ! «ፈረስህ የታለ?» ቢልዎት «ከኋላ ነው የሚገፋኝ» አሉት። ሰውየው «ፈረስ ከኋላ የሚታሰርበትን አገር ገና ዛሬ አየሁ» አለ። መቶ ጊዜ ነግረውናል። መቶ ጊዜ ስቀናል።

ማንጎው ሥር በቆርቆሮ ጥላ ሠራሁላት። በመጀመሪያ የወጣው የዶሮ ጭድ ነው። እማዬ ነፍሷን ይማረውና ወንበሩን ሁሉ ጎጆ አድርጋው ነበር። ወለሉን ዝገት በልቶታል። የሹፌሩ እግር የሚያርፍበት ላሜራ በጣት ይበሳል። ያንን ቆርጦ የሚበይድ ጥሩ ልጅ አገኘሁ። ሌላ ቦታ ዝገቱን በስቱኮ ሊሸፍንልኝ ያሰበ ነበር፣ አባረርኩት። ይህን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። «ስቱኮ ቁስልን በጨርቅ መሸፈን ነው» ይሉ ነበር። የፍሬኑ ጎማ በሙሉ ተለውጧል፣ የፊቱ ዲስክም የኋላው ታምቡርም። የነዳጅ ታንኩን ጠጠር ጨምረን በናፍጣ አናውጠን አጠብነው። ልጆቹ ሲንጡት ቅቤ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ሞተሩ ድርቅ ብሎ ነበር። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በየቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ደባልቄ ጨመርኩ። አሥር ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ በእጅ ነካ ነካ ሳደርገው ተንቀሳቀሰ። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት።

ያስታውሳሉ? የሞተሩ የአራቱ ሲሊንደሮች የእሳት ተራ ነው ብለው በቃላችን አስያዙን። ከዚያ የቤቱ ሕግ ሆነ። ገላ መታጠብ በዚያ ተራ። ፊያቷ ላይ መውጣት በዚያ ተራ። አንደኛ ጋሼ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ማሙሽ። ሦስቱም ወንድ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበርኩ። ሰዉ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፣ የሞተር ጉዳይ ነዋ፣ ምን ይባላል።

ስለዚያ ሌሊት ልጽፍ ስል ነው ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት።

1979 ዓ.ም. ነው። ቤንዚን በኩፖን የነበረበት ጊዜ። የዓባይን ዳገት ስትወጣ በሞተሩና በክዳኑ መሃል የሚገባው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ቴስታታዋን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አወረዳችሁ። ጋሼ ብሎን ይፈታል፣ ሦስተኛው ያጥባል፣ ማሙሽ እንኳን በስድስት ዓመቱ ጨርቅ ያቀብላል። እኔ የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። ባትሪ የያዘ ሰው ሁሉንም ያያል። አዲሱን ጓርኒሲዮን ሲያስቀምጡ ላዩ ላይ የተጻፈው ቃል ወደ ታች ዞረ። «አባባ፣ ጽሑፉ ተገለበጠ» አልኩ። እርስዎ ቀና ሳይሉ «ጽሑፍ ለትምህርት ቤትሽ ይሁን። ባትሪውን ለጋሼሽ ስጪና ቡና አፍዪ» አሉኝ።

አፈላሁ።

በማግስቱ ሉማሜ ሳንደርስ ፈላች። እማዬ በጣሳ ውኃ ስታመላልስ አስታውሳለሁ። በጭነት መኪና ተጎትታ ገባች። ሳምንት ሳይሞላ «ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ አበቃ» አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለጠየቀ ሁሉ የተሰጠው መልስ ይኸው ነው። እኔም አምኜ ነበር። እኔ እንኳን።

ታኅሣሥ ላይ ቴስታታዋን አወረድኩ። ብሎኖቹ እንዳይሰበሩ ፈርቼ ሦስት ቀን ናፍጣ አጠጣኋቸው። ዝገቱ ሲለቅ በጣት ተፈቱ። አባባ፣ በጣት! እርስዎ አንድ ብሎን ሳያጠብቁ የሚተዉ ሰው አይደሉም። ጓርኒሲዮኑን አነሳሁት። «አልቶ» የሚለው ቃል ወደ ታች ዞሯል። የውኃውን ቀዳዳ ዘግቶታል። ትንሿ ስልኳ ላይ ፈልጋ «በጣሊያንኛ ወደ ላይ ማለት ነው» አለችኝ። ከቃሉ ሥር በካቻቢቴ ጫፍ የተጫረ ጭረት አለ። ዳር ላይ ደግሞ የጧፍ ሰም ጠብታ።

ስለዚህ አንድ ሌሊት ብቻዎን ከፍተውታል። ባትሪ የሚይዝ ልጅ ሳይጠሩ፣ በጧፍ። አይተውታል። መልሰው ገጥመው በእጅ ብቻ አዙረውታል።

ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስጄ አሳየሁት። ስንጥቅ የለውም።

በዚያ ጊዜ ሌላ ጓርኒሲዮን ማግኘት ከባድ እንደነበር ይገባኛል። አንዴ የተጠበቀ ደግሞ ተገልብጦ አይገጠምም። ግን ከዚያ በኋላስ? አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በመኪና ዕቃ ሲሞላስ? እኔ እዚያው ነው አንድ ሽማግሌ በጋዜጣ ጠቅልለው ካስቀመጡት ውስጥ ያገኘሁት። ዋጋውን አይጠይቁኝ። ይቅርታ እንዲሉኝ አይደለም የምጽፈው። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈልጌ ነው። በዚያ ሌሊት ሲያዩት ትዝ አልኩዎት?

ማሙሽ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል። ከዚያ ቀጥል።

አዲሱን ስንገጥም ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቅነው። ትንሿ እጇን አስገብታ «እኔ ላጥብቅ» ስትል ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? «እጅሽን አንሺ!» ጮኽኩባት። ሄደች። ሄጄ ለምኜ አመጣኋት። የመጨረሻውን ዙር እሷ ነች ያጠበቀችው።

አሁን ሌላው ነገር። ይኼኛው ከፊያቷ ይከብደኛል።

ማሙሽ የዓይን ጠብታውን ትተዋል አለኝ። «ሞራው እስኪበስል ነው፣ ሲገፈፍ ፊያቷን እኔው ነኝ የምነዳት» ይላሉ አሉ። አባባ፣ ሞራ አይደለም። ሞራ ነው ያልንዎት እኔና ማሙሽ ነን። ያኔ እርስዎ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። የግራው የሄደው ብርሃን አይመለስም። ጠብታው የቀኙን ለማቆየት ነው፣ በየቀኑ ካልሆነ እሱም ይሄዳል። የሚገፈፍ ነገር የለም። በሩን ስንከፍት ፈገግ ብለው «እህ፣ ምን አለ?» አሉን። አፌ ላይ የመጣው «ሞራ» ነበር።

ይቆጡኝ። ብቻ ጠብታውን ያድርጉ።

ሚያዝያ 30 ማርቆስ ሲነግሥ ሰማንያ ይሞላዎታል። መንገዱ ሰላም ከሆነ እመጣለሁ። ፊያቷን ይዤ አይደለም፣ ገና ናት፣ ቀለምም አልተቀባች። እርስዎን ልወስድ ነው። እስከ ክረምቱ እኛ ዘንድ ይሁኑ። ቤቱን ትቼ አልሄድም እንደሚሉ አውቃለሁ። ማሙሽ ይጠብቀዋል። ዶሮ እንኳን የለ።

ደግሞ ሥራ አለብዎት። ባለፈው እሑድ ተነሳች። አራቱም ይሠራሉ። ስትሞቅ ግን ቆማ እያለች ከኋላ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አላት። ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል። እንዳስተማሩን (እነ ጋሼን እንዳስተማሩ ማለቴ ነው) ካቻቢቴ ጆሮዬ ላይ ደግፌ ሞተሩን ዙሪያውን ፈለግሁት። አላገኘሁትም። ድምጿን ቀድቼ ማሙሽ ስልክ ላይ ልኬያለሁ። ማሙሽ፣ ከፍ አድርገህ በደህናው ጆሯቸው በኩል አሰማቸው። ቫልቭ ይሁን ሌላ፣ ይንገሩኝ።

ጠብታው ጠዋትና ማታ ነው።

ልጅዎ፣
ሁለተኛዋ