የቅዳሜው ፕሮግራም፦ በስውር ካመለኩት ጋር

ውድ የኅብረታችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በደርግ ዘመን በየቤቱ ተደብቀው ያመልኩ የነበሩ የመሠረተ ክርስቶስ እናቶችና አባቶችን እንሰማለን። ቤተ ክርስቲያኗ በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። ደርግ ሲወድቅ ግን ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ!

ከሚመጡት እናቶች አንዷ ለጸሎት ሲሰበሰቡ ሁሌ ስኒ ይደረድሩ ነበር። የቀበሌ ሰው ድንገት ቢገባ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ የመጣ ይመስላል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እባካችሁ አትቅሩ።

ቦታው ታችኛው አዳራሽ ነው። መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ቡናውን ማን ያፈላል? መኪና ያላችሁ፣ እነሱን የምታመጡልን ሁለት ሰው እንፈልጋለን። እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልን።