ጡረታዬ የደመወዜ ማሟያ አይደለም

ቀን፦ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ጡረተኛ በመሆኔ የተጓደለብኝን ክፍያ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ።

በትምህርት ቤትዎ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከመስከረም 2015 ጀምሮ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት 34 ዓመት አስተምሬ፣ 60 ዓመት ሲሞላኝ በ2013 በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ይህን የደበቅኩት ነገር የለም። ስቀጠር የጡረታ መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ ሰጥቻለሁ። እንዲያውም ያን ጊዜ «ልምድ ያለው ሰው ነው የምንፈልገው» ተብዬ ነበር።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከደመወዜ ነው። እኔ የምቀበለው 8,000 ብር ነው። ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ ያንኑ ትምህርት፣ ያንኑ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምረው ወጣት 11,500 ብር ያገኛል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይጨመርለት እንጂ አይቀነስበት። ለምን ተለያየን ብዬ የሰው ኃይል ክፍሉን ስጠይቅ ግን የተሰጠኝ መልስ «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ጡረታ አለዎት» የሚል ነው።

አዎ አለኝ። እንዴት እንደመጣ ልንገርዎ። እኔ በወጣሁበት በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 714/2003 አሠራር ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የኔ 24 ትርፍ ዓመታት 30 በመቶ ሆኑና በድምሩ 60 በመቶ ደረሰ። እሱም የሚሰላው ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዜ ነው። በወር የማገኘው ጡረታ 5,400 ብር ነው። ይህች ገንዘብ ገጠር በኩራዝ ፈተና ካረምኩባቸው ሌሊቶች ጀምሮ የተጠራቀመች ናት። ትምህርት ቤትዎ አንድ ሳንቲም አላዋጣባትም። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ለኔ ከሚከፈለው ላይ የምትቀነሰው?

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። በየወሩ ከደመወዜ 7 በመቶ «የጡረታ መዋጮ» ተብሎ ይቆረጣል። 560 ብር መሆኑ ነው። በየዓመቱ 10 ወር፣ ሦስት ዓመት፣ በድምሩ 16,800 ብር። እኔ እስከማውቀው መዋጮ የሚቆረጠው ነገ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ነው። እኔ ወጥቻለሁ! ደመወዝ ሲተመን ጡረተኛ፣ መዋጮ ሲቆረጥ ደግሞ ገና ወጣት መሆኔ አልገባኝም። ቆርጣችሁ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ፈንድ አስገብታችሁ ከሆነ፣ አሠሪው ከሚጨምረው 11 በመቶ ጋር የገባበትን ማስረጃ አሳዩኝ። ካላስገባችሁ ገንዘቤን መልሱልኝ። ሦስተኛ መልስ ያለ አይመስለኝም። ሒሳብ ሹሙን ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሁለቴም «ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው» ብሎኛል። ሲስተሙን ማን እንዳዘዘው ግን አልነገረኝም።

ውሉንም ላንሳ። በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ሰኔ የ10 ወር ውል ታስፈርሙኛላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። ሌሎቹ መምህራን ክረምቱን ይከፈላቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውል በየትኞቹ ሥራዎች ላይ እንደሚፈቀድ ተዘርዝሯል። ሒሳብ ማስተማር ደግሞ ቡና ለቀማ አይደለም፣ በየዓመቱ ያለ ሥራ ነው። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅም «ክረምቱ ፈቃድዎ ነው» ተባልኩ። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይላል፣ ከነክፍያው። ያልተከፈለበት ክረምት ፈቃድ አይባልም። ለነገሩ በሐምሌ 2016 የዓመቱን የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅ ተብዬ ሁለት ሳምንት ተመላልሻለሁ። የታክሲውን እንኳ የከፈለኝ የለም።

ስለዚህ የተቆረጠው 16,800 ብር እንዲመለስልኝ ወይም የገባበት ማስረጃ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ ደመወዜም በሥራ ድርሻዬና በልምዴ እንዲስተካከል፣ የሦስቱ ዓመት ክረምትና የዓመት ፈቃዴም እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። መልሱን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ እፈልጋለሁ። እስከ መስከረም 30 ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። የፔሮል ወረቀቶቼን ሁሉ አስቀምጫለሁ፣ አንድም አልጠፋም።

ትናንት የቀረበልኝን የ2018 ውል በዚሁ ምክንያት አልፈረምኩም። ክፍል ግን እየገባሁ ነው። 10ኛ ሐ ኳድራቲክ እኩልታ ጀምረናል፣ ልጆቹን መሃል ላይ ጥዬ አልወጣም።

ከሰላምታ ጋር
የሒሳብ መምህሩ

ግልባጭ፦ ለመምህራን ተወካይ