ታኅሣሥ 28 ያንቺ ቀን ነው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ያን ዕለት ያለቀስሽው ከሽንኩርቱ የተነሳ መስሎኝ ነበር።

አምና የገና ዋዜማ ሰኞ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደመጣሽ ቦርሳሽን ጥለሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። እስኪመሽ ሽንኩርት ስትልጪ ቆየሽ። እኔ የዶሮ ብልት አወጣለሁ፣ ቁሌቱን አማስላለሁ፣ በመሃል ስልክ አነሳለሁ። ዓይንሽ ቀልቶ እንባሽ ሲወርድ አየሁና «ሂጂ ተጣጠቢ፣ ሽንኩርቱ ኃይለኛ ነው» አልኩሽ። ምንም ሳትመልሺ ተነስተሽ ሄድሽ። ማታ ነጠላዬን አጣፍቼ ለቅዳሴ ልወጣ ስል እማዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ልጅቷ ዛሬ አይደል እንዴ የተወለደችው?» አለችኝ።

በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። 14 ዓመት ሞልቶሽ፣ አንድ ሰው እንኳን «እንኳን ተወለድሽ» ሳይልሽ ተኝተሻል።

ቀስቅሼ ይቅርታ ጠየቅሁሽ። «ምንም አይደል ማሚ» አልሽኝና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሆዴ አልወጣም። አንድ ቤት እየኖርን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። ፊት ለፊት ስናወራ ቶሎ «ምንም አይደል» ትይኛለሽ።

የተወለድሽው ሐሙስ ማታ ነው፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2003 ዓ.ም.። ምጡ የያዘኝ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። አባትሽ ታክሲ ፍለጋ ሲሮጥ መንገዱ በግ በሚጎትትና ዶሮ ባንጠለጠለ ሰው ተሞልቷል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስትመጪ ቅርብ ካለው ቤተ ክርስቲያን የማኅሌቱ ድምፅ በመስኮት ይገባ ነበር። አዋላጇ «ትንሽ ብትታገስ ኖሮ በገና ትወለድ ነበር» አለች። እማዬ ናት የመለሰችላት፦ «ለምን ትታገሳለች? 28 እኮ አማኑኤል ነው። የራሷ ቀን አላት።» በ80 ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ስምሽ ወለተ አማኑኤል የሆነው በዚሁ ነው።

የራሷ ቀን አላት ያለችው እማዬ ናት። እኔ ግን ያንን ቀን አልጠበቅሁልሽም።

እኔ ያደግሁበትን ልንገርሽ። ሰበብ እንዲሆንልኝ አይደለም። የእኔን ልደት እማዬ «ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሦስት ቀን ሲቀረው» ነው የምትለው። የካቲት 13 መሆኑን ራሴ ቆጥሬ ነው ያገኘሁት። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ እንዲሁ ነበርን። አንዱ የቡሄ ማግስት፣ አንዷ የከተራ ዕለት። ሻማ የሚያበራልን አልነበረም። በዓሉ ባይኖር የተወለድንበት ቀንም ተረስቶ ይቀር ነበር። ስለዚህ ከበዓል አጠገብ መወለድ ለእኔ መታደል ነበር። በዓሉ ያንቺን ቀን እንደሚውጠው አልታየኝም።

አንቺ ግን ነግረሽኝ ነበር፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሽ። 2008 ላይ አምስት ዓመት ሞላሽ። ያን ዓመት ገና የዋለው ልክ በልደትሽ ቀን ነው። እንግዶቹ እየገቡ «እንኳን ለልደቱ አደረሳችሁ» ሲሉ አንቺ መሃል ቤት ቆመሽ «ልደቱ አይደለም፣ ልደቷ ነው በሉ!» አልሽ። ሁላችንም ሳቅን። ለዓመታት ለሰው ሳወራው ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ቀኔን ስጡኝ እያልሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ ቀሚስ እንገዛና «የገናም የልደትም» እንልሻለን። ጓደኞችሽ ከቤተሰብ ጋር ክፍለ ሀገር ይሄዳሉ። ጾም ስለሆነ ኬኩ ያለ እንቁላል ያለ ቅቤ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላሽ ከገና በኋላ ወዳለው ቅዳሜ አዛወርነው። እውነተኛ የክሬም ኬክ ገዛሁልሽ። ሻማውን ልታጠፊ ጎንበስ ካልሽ በኋላ ቀና ብለሽ «ማሚ፣ ዛሬ እኮ አልተወለድኩም» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ሁለተኛ አናዛውረውም።

አባትሽ ሁልጊዜ የንጉሥ ላሊበላን ነገር ያነሳልሻል። ንጉሡ በገና ቀን እንደተወለደ ስለሚታመን፣ ላሊበላ ላይ ካህናቱ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ የእሱም ልደት አብሮ ይታሰባል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን እንደማያጽናናሽ አውቃለሁ። ለንጉሡ አገር ሙሉ ይወጣለታል። አንቺ የምትፈልጊው ሦስት ጓደኞችና ሻማ ነው።

ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያን የሰማሁት ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ። ገና በአራት ዓመት አንዴ ለምን በ28 እንደሚውል መምህሩ ሲያስረዱ ነበር። እመቤታችን መጋቢት 29 ከተበሠረችበት ቀን አንስቶ ጌታን የፀነሰችበት ጊዜ 9 ወር ከ5 ቀን ነው፣ 275 ቀን። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይጨመራል። በሚቀጥለው ታኅሣሥ በ29 ቢከበር ቁጥሩ 276 ሊሆን ነው። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ አንድ ቀን ቀደም ይላል። ይህን ያህል ትልቅ በዓል የአንዲት እናት ቁጥር እንዳይዛነፍ ብሎ ቀኑን ይቀይራል!

እዚያው ቆሜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እኔም እኮ አንቺን ቀን ቆጥሬ ነው የወለድኩሽ። በዓሉ ቀኑን ከቀየረ፣ እኔ ለአንቺ ብዬ የሽንኩርት መክተፊያ ሰዓቴን መቀየር ለምን አቃተኝ?

ዘንድሮ ልደትሽ ማክሰኞ ነው፣ ገና ረቡዕ። ገበያውን ቅዳሜና እሁድ እጨርሳለሁ። ቁሌቱን ሰኞ ማታ እሠራዋለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ላይ ምንም አይጣድም። ዶሮውን ከመሸ በኋላ እጨምረዋለሁ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ ይደርሳል። የሦስቱን ጓደኞችሽን እናቶች አናግሬያለሁ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአንቺ ጋር እንዲሆኑ ፈቅደዋል። ኬኩ የጾም ነው፣ እሱን መለወጥ አልችልም። ግን በሙዝና በቸኮሌት አሳምሮ የሚሠራ ኬክ ቤት አግኝቻለሁ። ቀሚሱ የገና ነው። የልደትሽ ስጦታ ለብቻው አለ፣ ተጠቅልሎ ቁምሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል።

2020 ላይ 17 ዓመት ይሞላሻል። ያን ዓመት ገና እንደገና በ28 ይውላል። ያኔ ምን እንደምናደርግ አንቺ ወስኚ፣ እኔ የምትይውን አደርጋለሁ።

አሁን ግን ኬኩ ላይ ምን እንዲጻፍልሽ እንደምትፈልጊ እስከ ዓርብ ንገሪኝ። ኬክ ቤቱ ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ሽንኩርቱን ደግሞ ዘንድሮ እንዳትነኪ።

እናትሽ